አብረን ስንጨልም ሰላም ነበር

ጅማ ውስጥ ከቡና ጋር የማይነካካ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። እኔ ቡና አልለቅምም፣ አልነግድም፣ አልቀምስም። (መቅመስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔ የማውቀው መጠጣት ብቻ ነው።) እንጀራዬ ግን ከቡና ነው። አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የኔ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ ይጠሩኛል። የሥራ አስኪያጁ ልጅ ስልኩ ሲቆለፍበት ይጠሩኛል። ሰርቨር ሲወድቅ ግን አይጠሩኝም። ዝም ብለው ያዩኛል።

ያን ጥቅምት በደንብ ታየሁ።

ቢሮአችን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። መጋዘኑ ከከተማው ወጣ ይላል። ሁለቱ በአንቴና ተያይዘዋል። ሚዛኑ ያለው መጋዘን ስለሆነ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ባለው ሰርቨር ላይ ነው። ጀንፈል የጫነ መኪና ይገባል፣ ይመዘናል፣ ስንት ፈረሱላ እንደሆነ ይመዘገባል፣ ደረሰኙ ስካን ይደረጋል። የቢሮው ሰርቨር ያንን ፎልደር በኤንኤፍኤስ (ፎልደርን በኔትዎርክ መጋሪያ ዘዴ ነው) ማውንት አድርጎ፣ ማለትም አገናኝቶ፣ የራሱ ዲስክ አስመስሎ ያሳያል። ሂሳቡም ግዢውም የሚሠራው በቢሮው ማሽን ላይ ነው። እሱ ሲወድቅ ቢሮው ባንዴ ሥራ ፈት ይሆናል። ቡና ይፈላል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ መውደቅ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚወድቀው፣ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ሲመጣ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ሀንግ ያደርግበታል። ቀጥሎ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይዘረገፋል። ከዚያ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ሳልደርስ ማሽኑ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሳል። ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስከፍት ምንም የለም። መስመሮቹ እየሄዱ እየሄዱ ቀጥ ይላሉ፤ ቀጣዩ መስመር አዲስ ቡት ነው። መሀሉ ላይ የሆነውን ማንም አልጻፈውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ከተነሳ በኋላ ያለው ነበር። አንድ ቀን የሂሳብ ሠራተኛችን መጣች። ትልቅ ሴት ናት፣ እትዬ ነው የምላት።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ያስገባሁት የሁለት መኪና ደረሰኝ የት ገባ?»

«የት አስቀመጥሽው እትዬ?»

«የት አስቀምጣለሁ? እዚያው ፎልደር ውስጥ ነዋ! ትናንት ገብቼ ሳየው ባዶ ነበር፤ አንተ ያጸዳኸው መስሎኝ እንደ አዲስ ጀመርኩ።»

ደነገጥኩ። ከባካፑም ከመጋዘኑም ፈለግኩ፣ የለም። ኋላ ነው የገባኝ። ማሽኑ ሲነሳ መጋዘኑን ፈልጎ ሲያጣው ፎልደሩን ሳያገናኝ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ፎልደሩ ግን በስሙ አለ፣ ባዶውን። እትዬ እዚያ ባዶ ላይ አስቀመጠች። ኔትዎርኩ ሲመለስ እውነተኛው ፎልደር መጥቶ ከላዩ ተነጠፈበት። ደረሰኞቹ አልጠፉም ነበር፤ ምንጣፍ ስር ገብተው ነበር። ማውንቱን ሳነሳው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

## አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ነገር ደበደብኩ። ራም ቀየርኩ። ሌሊቱን ሙሉ የራም ምርመራ አስኬድኩ፣ አንድም ስህተት አልወጣም። ኬብል ቀየርኩ። የአንቴናውን አቅጣጫ አስተካከልኩ። ከርነሉን፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራበትን የሊኑክስ ሲስተም እምብርት፣ ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደግኩ። ወደቀ።

በመጨረሻ «ከርነሉ ባግ (የኮድ ስህተት) አለበት» ብዬ ደመደምኩ። አባባሉ ደስ ይላል። ጥፋቱን ዓለም ዳር ላለ የማላውቀው ፕሮግራመር ይሰጥልኛል። ደግሞ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ አልነበረም። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ከርነሉ ይገድለውና ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ኤንኤፍኤስ ግን የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ነው። እዚያ ውስጥ የተሳሳተ ኮድ ከበላዩ የሚያርመው የለም። ስህተቱ ቀለል ካለ ሊኑክስ «ኡፕስ» ይልና ያንን አንድ ሥራ ብቻ ገድሎ ለመቀጠል ይሞክራል። ግን የተገደለው ሥራ የጋራ ነገር የተቆለፈበትን ቁልፍ እንደያዘ ከሞተ ያ ቁልፍ አብሮት ይቀበራል፤ ቁልፉን የሚፈልግ ሁሉ እዚያው ይደርቃል። ስህተቱ ከከበደ ደግሞ «ፓኒክ» ነው። ሁሉም ነገር ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ፊውዝ የሚባለው ሥርዓት ሊኑክስ ውስጥ የገባው ሰዎች የፋይል ሲስተም ኮድን ከከርነሉ ውጭ እንዲጽፉ ነው። ውጭ ያለ ኮድ ቢወድቅ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይወድቃል።

ኔትዎርክ ፎልደር ማውንት ሲያደርጉ ከርነላቸው ስለወደቀባቸው ሰዎች ብዙ አነበብኩ። እውነተኛ ባጎች ናቸው፣ ተገኝተው የተጠገኑ። የሰው በሽታ አንብቦ በራስ ላይ ማግኘት የሐኪም ተማሪ ጠባይ ነው ይላሉ። የኛም ሙያ ከዚያ አይሻልም።

## የጋሼ ደብተር

እትዬ ናት ያዳነችኝ። አንድ ከሰዓት ነጩ ጽሑፍ ሲዘረገፍ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። «ሁልጊዜ አመለጠኝ ስትል አይደል፣ እንካ» አለችኝ። ለሦስት ሳምንት ይህን ማድረግ ያልመጣልኝ እኔ ነኝ ባለሙያው።

የመጨረሻዋ መስመር በስክሪኑ ግርጌ ነበረች። «ከርነል ፓኒክ፣ ኖት ሲንኪንግ፦ ሀንግ ታስክ፦ ብሎክድ ታስክስ»።

«ኖት ሲንኪንግ» የሚለውን ለዓመታት እንደ ጌጥ ነበር የማነበው። ትርጉሙ ግን ቀጥተኛ ነው። ከርነሉ «በእጄ ያለውን ወደ ዲስክ አልጽፍም» እያለ ነው። ተበላሽቼ ይሆናል፣ በተበላሸ እጄ ዲስኩን ባላበላሽ ይሻላል ማለቱ ነው። ሎጉ ባዶ የሚሆንብኝ ለዚህ ነበር።

ሁለተኛው ግማሽ ነው ያስደነገጠኝ። ባግ አይልም፣ የተበላሸ ራም አይልም። «የደረቁ ሥራዎች ስላሉ ወደቅኩ» ነው የሚለው። ከርነሉ ውስጥ አንድ ተቆጣጣሪ አለ። በየ120 ሰከንዱ ነቅቶ ይዞራል። ሳይነቃነቅ ከዚያ በላይ የቆየ ሥራ ካገኘ ሎግ ላይ ይጽፋል። በተለምዶ ጽፎ ያልፋል። ጽፎ ማሽኑን በሙሉ እንዲጥል የሚያደርገው አንድ ቅንብር ብቻ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ ከ0 ወደ 1 የሚቀይረው።

ማን ቀየረው? የቅንብር ፋይሎቹን ፈተሽኩ። ሁለት መስመር አገኘሁ። አንዱ «ሥራ ከደረቀ ፓኒክ አድርግ» ይላል። ሌላው «ፓኒክ ካደረግህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ራስህን አስነሳ» ይላል። ከላያቸው በአማርኛ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ለጊዜው»።

በዚያ ቢሮ ሰርቨር ላይ በአማርኛ ማስታወሻ የሚጽፍ ከኔ ሌላ ሰው የለም።

ወዲያው ትዝ አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አጋሮ ሠርግ ላይ ነበርኩ፣ እሁድ። ማሽኑ ዲስኩ ደርቆበት ሀንግ አደረገ። ሠርጉን ትቼ ጅማ ድረስ መጣሁ፣ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፣ ተነሳ። በቃ። በንዴት ሰኞ ጠዋት ከኢንተርኔት ላይ ሁለቱን መስመር ቀዳሁ። ከአሁን በኋላ ቢደርቅ ራሱን ይጣል፣ ራሱን ያስነሳ፣ እኔን አይጥራኝ ብዬ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የኔ ለመፈታት ሦስት ዓመት ፈጀበት።

ግን ለምን ሦስት ዓመት? ለምን ያን ጥቅምት? መልሱን ያገኘሁት በር ላይ ነው። ጋሼ የምለው የቢሮው ጥበቃ ለናፍጣ ሂሳብ ብሎ ጄኔሬተሩ የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይመዘግባል። አንድ ቀን እያወራን ደብተሩን ገለጥኩ። «ጥቅምት 18፣ 9፡04 ተነሳ፣ 10፡20 ጠፋ» ይላል። የኔ ሎግ የዚያን ቀን ቡት «ኦክቶበር 28፣ 12፡09» ብሎ ነው የያዘው። ሰርቨሩን በግሪንዊች ሰዓት ትቼው ስለነበር ከኛ ሰዓት ጋር ሦስት ይለያያል። 12፡09 ማለት በጋሼ ደብተር 9፡09 ነው። ጄኔሬተሩ ከተነሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ማለት ነው።

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ቀኑን ከፈረንጅ ወደ ሀበሻ፣ ሰዓቱን ሦስት እየቀነስኩ። ሁሉም ገጠሙ። ጄኔሬተር ይነሳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከርነል ይወድቃል። ጋሼ ከጎኔ ቆሞ ያያል።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«ሦስት ሳምንት የፈለግኩትን።»

«እኔን ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር። ይቺ ጄኔሬተር ከመጣች ወዲህ ነው ሁከቱ።»

ገለቶማ ጋሼ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

## የሞተና የዘገየ

ጄኔሬተሩ መስከረም ላይ ነው የተገዛው። ከሱ ጋር አዲስ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ገባ። ከዚያ በፊት ቢሮውና መጋዘኑ በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ መብራት ሲሄድ ሁለቱም ባንድ ላይ ይጨልሙ ነበር። የድሮው ዩፒኤስ ባትሪው ሞቶ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ሰርቨሮቹ አብረው ይሞታሉ፣ አብረው ይነሳሉ። ማንም ማንንም አይጠብቅም። (ግልገል ጊቤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገዳችን ላይ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ። እኛ ደግሞ ስለ ናፍጣ እናወራለን።)

ጄኔሬተሩ ሲመጣ ቢሮው ብርሃን ላይ ቀረ፣ መጋዘኑ ጨለመ። አንዱ በሕይወት አለ፣ ሌላው የለም። ያለው የሌለውን መጠበቅ ጀመረ። ችግሩን የፈጠረው ማሻሻያችን ነበር።

ሌስሊ ላምፖርት የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለዚህ ቀልድ የመሰለ ነገር ብሎ ነበር። በኔትዎርክ የተሳሰረ ሥርዓት ማለት፣ መኖሩን እንኳ የማታውቀው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ያንተን ኮምፒውተር ከሥራ ውጭ የሚያደርግበት ነው። እትዬ መጋዘን ውስጥ ሰርቨር መኖሩን አታውቅም ነበር። ለሷ «ፎልደሩ» ነው።

ኤንኤፍኤስን እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሐሳቦች አሁንም ውስጡ አሉ። አንዱ ይህ ነው፦ ሰርቨሩ ካልመለሰ ጠያቂው ደጋግሞ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ሞቶ ሲነሳ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ከጠያቂው በኩል ሲታይ የሞተ ሰርቨርና የዘገየ ሰርቨር አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ማለት ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አንድ ቀንም ቢሆን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ተቆጣጣሪ ኤንኤፍኤስን የሚጠብቁ ሥራዎችን ሆን ብሎ ነው የሚያልፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊኑክስ ውስጥ አዲስ የመጠበቅ ዓይነት ገባ፤ ሥራው ቢደርቅም ሰው ከፈለገ ሊገድለው የሚችል። ኤንኤፍኤስ ይህን ይጠቀማል። የተቆጣጣሪው ኮድ ላይም «ኤንኤፍኤስን የሚጠብቁትን እለፍ» የሚል አጭር ማስታወሻ ለዓመታት ነበረበት። ታዲያ የኔን ማሽን ምን ጣለው?

የእትዬን ፎቶ አሰፋሁና እንደገና አነበብኩ። የተያዘው መጋዘኑን የሚጠብቀው ሥራ አልነበረም። ከሱ ኋላ የቆመው ነበር። መስኮት ላይ ተሰልፋችሁ አስቡት። የመስኮቱ ሠራተኛ ወጣ ብሏል። ፊት የቆመው ሰውዬ ምን እንደሚጠብቅ ይታወቃል፤ ተቆጣጣሪው አይቶት ያልፋል። ሁለተኛው ግን የሚጠብቀው ፊተኛውን ነው። ፊተኛው የፋይሉን ቁልፍ ይዟል፣ አይለቅም። ሁለተኛው የቆመበት መጠበቅ ደግሞ የድሮው ዓይነት ነው፤ የማይገደል፣ የማይነቃ። ተቆጣጣሪው የሚያውቀው እሱን ነው። እኛ ቢሮ ሁሉም ሰው የሚጽፈው አንድ የዕለት መዝገብ ላይ ስለሆነ ሁለተኛ ሰው ለማግኘት ብዙ አይፈጅም። አንዱ ጻፈ፣ ደረቀ። ሌላው ሊጽፍ መጣ፣ ከኋላው ተሰለፈ። ከዚያ ተቆጣጣሪው በየ120 ሰከንዱ ስለሚዞር ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል። የጋሼ አምስት ደቂቃ ከዚህ ነው የመጣችው።

በዚያ ሰሞን «ሎድ» የሚባለው ቁጥር 40 ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ግን ምንም ሳይሠራ አይቼ ነበር። ያኔ ቆጣሪው ተሳስቷል ብዬ አለፍኩት። ሊኑክስ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን እንደዚያ ደርቆ የሚጠብቀውንም ይቆጥራል። አርባ ሰው ሥራ ላይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አርባ ሰው ሰልፍ ላይ ነው።

ያን ማታ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስሄድ ሲመላለስብኝ የነበረው ይህ ነው። ከርነሉ አልተበላሸም። ታዘዘ። «መጠበቅ ከሞት ይብስብኛል፣ ሰው ሲጠብቅ ካየህ ግደለን» ያልኩት እኔ ነኝ። ትዕዛዙን የሰጠሁት ደግሞ ሌላ ቀን ነው። በሌላ ንዴት፣ ለሌላ በሽታ። ያን ጊዜ የደረቀው የራሱ ዲስክ ነበር፤ መውደቁ ምናልባት ትክክል ነው። አሁን የሚጠብቀው ከመጋዘን መብራት ሲመጣ የሚመለስ ጓደኛውን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ያቺን ወረቀት የጻፈው ሞኝ ግን ምን እንደጻፈ ረስቷል።

## ይጠብቅ ወይስ ይዋሽ?

ሁለተኛ ሐሳቤ «ሶፍት» ማውንት ነበር። ያኔ ማሽኑ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ መልስ ሲያጣ ለፕሮግራሙ «አልተሳካም» ብሎ ይነግረዋል። ማንም አይደርቅም። መስማት የፈለግኩት ይህን ነበር።

ግን ፕሮግራሙ ቢነገረውስ ይሰማል? ብዙ ፕሮግራም «ጻፍኩ» ካለ በኋላ ዞር ብሎ አያይም። ኤንኤፍኤስ ላይ ደግሞ ጽሑፉ መጀመሪያ ሚሞሪ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ፕሮግራሙ «ተጽፏል» ይባላል፣ ስህተቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ፋይሉ ሲዘጋ። ያን ጊዜ የሚያዳምጥ ከሌለ ግማሽ ክብደት የተጻፈበት መዝገብ ይቀራል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የገበሬ ቡና ሦስት ፈረሱላ ጎድሎ ቢጻፍ ማነው የሚያውቀው? ገበሬው። ማነው የሚያምነው? ማንም።

ስለዚህ ያለውን «ሀርድ» ማውንት፣ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቀውን፣ ባለበት ተውኩት። ይጠብቅ። እትዬ ሰዓት እላፊ ትቀመጥ ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን የተጻፈው ነው። ይህን ስመርጥ ደስ እያለኝ አልነበረም። አሁንም አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ሰው ተሰብስቦ ሲያየኝ፣ እጠራጠራለሁ።

ሌላው ቀላል ነበር። ያቺን 1 ወደ 0 መለስኳት። የ10 ሰከንዷን ግን ባለችበት ተውኳት፤ እውነተኛ ፓኒክ ከመጣ ራሱን ያስነሳ። ከርነል ሲወድቅ ሚሞሪውን ወደ ዲስክ የሚቀዳውን ኬዳምፕን ጫንኩ፤ ሁልጊዜ የእትዬን ስልክ ማመን አይቻልም። ባዶውን ፎልደር ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፍኩት፤ ማውንቱ ከሌለ አሁን ፊት ለፊት «አይቻልም» ይላል፣ ምንጣፍ ስር አያስገባም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አስረዳሁ። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «እንግዲህ ጄኔሬተሩ ነው ያበላሸን እያልከኝ ነው?» አለ። አይደለም አልኩ። «ታዲያ ለመጋዘኑም ግዛ እያልከኝ ነው?» አዎ አልኩ። ሳቀ። በምትኩ ለመጋዘኑ ዩፒኤስ አዲስ ባትሪ ገዛ። ለአርባ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ጅማ ላይ አርባ ደቂቃ አንዳንድ ቀን ይበቃል፣ አንዳንድ ቀን ቀልድ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርኩ። ቢሮው ቀን ቀን በራሱ ዲስክ ላይ እንዲሠራና በየ10 ደቂቃው ወደ መጋዘን የሚገለብጥ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። መጋዘኑ ከሌለ ስክሪፕቱ ይተወውና በሚቀጥለው ዙር ይሞክራል፤ ሰው አይጠብቅም። ሠርቷል። ባለፈው ሳምንት መብራት ለሁለት ሰዓት ሄዶ እትዬ ሥራዋን ሳታቋርጥ ዋለች። ጋሼ ከበሩ ብቅ ብሎ «ዛሬስ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ደብተሩ ላይ የናፍጣዋን ጻፈና ሄደ።

ማታ ስክሪፕቱን አንድ ቦታ ላስተካክል ከፈትኩት። መጀመሪያው መስመር ላይ በአማርኛ አንድ ማስታወሻ አለ። በችኮላ ስጽፈው ያስቀመጥኩት ነው፤ ልብ አላልኩትም ነበር። «ለጊዜው» ይላል።